እማዬን የትኛው ቤተ መንግሥት ልውሰዳት?

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ከደሴ ልትጠይቀን መጥታለች። አትክልት ነፍሷ ነው። ሰሞኑን በቴሌቪዥን የጣሊያን ቪላ አይታ፣ አጥሩ በገመድ የተለካ ይመስል ተከርክሞ ቀጥ ያለ፣ መሃሉ ፏፏቴ የሆነ፣ «እዚህ አገር እንዲህ ያለ የለም ወይ?» እያለች ትወተውተኛለች። ያለን ቅዳሜ ብቻ ነው፣ ጉልበቷንም ያማታል። አንድነት ፓርክ ይሻላል ወይስ ስድስት ኪሎ?

የፒያሳ ልጅ፦
አንድነት ፓርክ ነዋ እህቴ! የምኒልክ ግቢ እኮ ነው፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ተከፍቷል። ዙፋን ቤቱ፣ እንቁላል ቤቱ፣ ባለ ጥቁር ጋማ አንበሶቹ፣ ሁሉም እዚያው ነው። አትክልቱም በደንብ የተያዘ ነው። ግን ሰፊ ነው፣ ዳገትም አለው፣ የእናትሽን ጉልበት አስቢበት።

ባለ ጥላዋ፦
እኔ ስድስት ኪሎ ባይ ነኝ። ገነተ ልዑል ማለቴ ነው፣ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ቤተ መንግሥት። ዛሬ ውስጡ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው፣ የንጉሡንና የእቴጌ መነንን መኝታ ቤት ታያላችሁ። ግቢው ውስጥ ትልልቅ ዛፎች ስላሉ እናትሽ ሲደክማቸው ጥላ ሥር አረፍ ይላሉ። አንድ ነገር ግን እንዳያመልጣችሁ፦ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። የሠሩት ፋሺስቶች ናቸው፣ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ወዲህ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ። ጠጋ ብላችሁ ቀና በሉ፣ የመጨረሻው እርከን ላይ ትንሽዬ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጣለች። እሷን ያስቀመጥናት እኛ ነን። እኔ ባየኋት ቁጥር ደስ ይለኛል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩትም እዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ በጣሊያኖች እጅ ላለቀው ሕዝብ የቆመው ሐውልት ከበሩ ወጣ ስትሉ አደባባዩ ላይ ነው፣ ለእማማ ሳታሳያቸው እንዳትመለሺ።

አትክልተኛው፦
ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ግን እናትሽ በቴሌቪዥን ያዩትን ዓይነት ከጠበቁ ቅር እንዳይላቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የጣሊያን አትክልት ሥርዓቱ ሌላ ነው። መሃል ለመሃል ቀጥ ያለ መንገድ ይወጣል፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል፣ ተዳፋቱ እርከን እርከን ይሠራል፣ ቁጥቋጦው እንደ ግድግዳ ይከረከማል። ሮም አጠገብ ቲቮሊ ከተማ ያለው ቪላ ዴስቴ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ ለፏፏቴዎቹ ውሃ የመጣው ከወንዝ ተጠልፎ ነው፣ ያለ ምንም ፓምፕ፣ በቁልቁለቱ ብቻ! የስድስት ኪሎው ውበት ግን መቀስ የሠራው ሳይሆን ዛፉና ጥላው ነው። እናትሽ አትክልት ካወቁ ይኼም ይገባቸዋል።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ስድስት ኪሎ ወስኛለሁ፣ አንድነት ፓርክን ጉልበቷ ሲሻላት። ሙዚየሙ ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ብንደርስ ነው የምፈልገው።