የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ?

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለገንዘብ ሰጪዎች የምናቀርበው የጥናት ፕሮፖዛል ረቂቅ ደርሷችኋል። ርዕሱ «ወጣቶችና ዓለም አቀፍ ትጥቅ ቅነሳ» ይላል። ኒውክሌር አለበት፣ ድሮን አለበት፣ ቀላል መሣሪያ አለበት፣ የሁለት ቀን ጉባኤም አለበት። ሐሳብ ስጡበት፤ ዓርብ ማታ እንዘጋዋለን።

የወሎው አባል፦ በግልጽ ልናገር፣ ሁሉን ነካ ነካ አድርጎ ማለፍ ነው የሆነው። አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ ቀጠና ያደረገው የፔሊንዳባ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ይሠራል። እሰየው ነው። እኛ ምን ልንጨምርበት ነው ታዲያ? እኔ ባለሁበት ወረዳ ልጆች ከብት ሲያግዱ ብረት ይለቅማሉ፤ ለቆራሌው በኪሎ ይሸጡታል። ከሰሜኑ ጦርነት የተረፈው ነገር አሁንም መሬት ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ራሱ የመድፍ ቀለህ ነው። ልጁ በየቀኑ ሲደበደብ እያየ ምኑን ይፍራው? ጥናት ካልን ከዚህ እንጀምር።

ሰብሳቢው፦ አልከፋም። ግን ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ዓለም አቀፍ ጉዳይ ነው የሚፈልጉት።

የወሎው አባል፦ እሱማ እጃችን ላይ አለ። ኢትዮጵያ የኦታዋን የፈንጂ እገዳ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2004 አጽድቃለች። አንቀጽ 5 በ10 ዓመት አጽዱ ይላል፤ የእኛ ቀነ ገደብ ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል። በ2025 ደግሞ እነፊንላንድና ፖላንድ ከስምምነቱ ለመውጣት ወሰኑ። ፈንጂ ገና ያልተጸዳበት አገር ወጣት ስለዚህ ምን ይላል? ይሄ ጥያቄ ሰጪዎቹንም ይስባል።

ጋሼ (ጡረተኛ የጦር መሐንዲስ)፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ላርም። ኦታዋ የሚከለክለው ፀረ-ሰው ፈንጂን ነው፤ ሰው ሲረግጠው ወይም ሲነካው እንዲፈነዳ የሚጠመደውን። ይሄ ልጅ ያነሳው ግን አብዛኛው ያልፈነዳ ሞርታርና የእጅ ቦምብ ይመስለኛል። ሁለቱን ከደባለቃችሁ ነገሩን የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጥለዋል። ለየብቻ ጻፉት። ደግሞ ማንም ተማሪ «ናሙና» ብሎ ሜዳ እንዳይወጣ! ፎቶ ለማንሳት እንኳ ጠጋ አይባልም። ዝገቱ አያታልላችሁ፤ የዛገው ይብሳል። የእናንተ ሥራ ሰው መጠየቅ ነው፣ በቃ።

ተማሪው (ከአዲስ አበባ)፦ እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሁን። መጠይቁን እኔ አዘጋጃለሁ። «ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ?» የሚለው ግን ይውጣ። በአዋጅ 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ እንደሚያስጠይቅ እየታወቀ ማን እውነቱን ይነግረናል? ሰውየው ይደነግጥና ቀሪውንም አይመልስም። ይልቅ ብረት የት እንደሚለቀም እንጠይቅ። ያገኘ ልጅ መጀመሪያ ለማን ይናገራል? የተነገረውስ ሰው ምን ያደርጋል? ለእኔ ዋናው የመጨረሻው ነው።

የአፋሯ አባል፦ አፋርኛ ተናጋሪ ጠያቂ ይኑር፣ ሴትም ትኑርበት። በአማርኛ መጠይቅ ይዛችሁ እኛ ጋ አፋር፣ ጭፍራ ወረዳ ብትሄዱ ወንዶቹን ብቻ አናግራችሁ ትመለሳላችሁ። ውኃና እንጨት ፍለጋ የሚሄዱት ግን ሴቶቹ ናቸው።

ጸሐፊዋ፦ ገብቷል። ስለ ወጣቶቹ ክፍል፦ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ስለ ወጣቶችና ትጥቅ ቅነሳ ውሳኔ አሳልፏል፤ መግቢያው ላይ እሱን እንጠቅሳለን። ተሳትፎ ሲባል ግን ቲሸርት ለብሶ ፎቶ መነሳት እንዳይሆን። ጠያቂዎቹ ከዚያው አካባቢ የወጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሁኑ። አበል ይከፈላቸው፤ ሪፖርቱም ላይ በአዘጋጅነት ስማቸው ይግባ።

ሰብሳቢው፦ በቃ፣ የሁለት ቀኑ ጉባኤያችን ቀርቷል። የአዳራሹና የሆቴል ምሳው በጀት ለትርጉምና ለትራንስፖርት ይዙር። (ምሳው የሚያንገበግበው ካለ በግል ይጻፍልኝ።) ውጤቱን በዓለም የፈንጂ ግንዛቤ ቀን፣ መጋቢት 26፣ መጀመሪያ ለየቀበሌው እናቀርባለን። አዲስ አበባ ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሼ፦ ከወረዳውና ከፖሊስ የድጋፍ ደብዳቤ ሳይያዝ መንገድ የለም። እሱን በበጀቱም በጊዜ ሰሌዳውም አስገቡት። ደብዳቤ ይቆያል።

የወሎው አባል፦ አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ቆራሌዎቹንም እንጠይቅ። ብረቱን መዝኖ የሚገዛው እሱ ነው፤ ምን እንደሚቀበል ምን እንደሚመልስ ያውቃል። እኛ ጋ ያሉትን ቅዳሜ ገበያ ላይ አናግሬ እጽፍላችኋለሁ።