ከመጽሔት ተነቅሎ የተሰፋ አጭር ልብ ወለድ፦ የትኛው ዕትም እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኪየቭ ምሕንድስና የተማሩ ሰው ነበሩ። ከመጻሕፍታቸው መካከል በቡናማ ካርቶን የተጠረዘ፣ በነጭ ክር በእጅ የተሰፋ፣ ሽፋን የሌለው የሩሲያኛ ጽሑፍ አገኘሁ። የገጽ ቁጥሩ ከአንድ ስለማይጀምር ከመጽሔት የተነቀለ ይመስለኛል። ቋንቋውን የሚያውቁ ጎረቤታችን ጆናታን ስለተባለ የባሕር ወፍ የሚተርክ፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ታሪክ መሆኑን ሲነግሩኝ፣ አባቴ በልጅነቴ በአማርኛ እየመለሱ ያነበቡልኝ እርሱ እንደነበር ገባኝ። በመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ 417 ተጽፏል። የትኛው መጽሔት ነው? ጽሑፉስ ሙሉ ነው ወይ? የወረቀቱ ጠርዝ መፈርፈር ስለጀመረም እንዴት እንደማቆየው ምከሩኝ።

መልስ (በሌኒንግራድ ከተማሩ አባል)

ልጄ፣ ያ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1955 መታተም የጀመረውና የውጭ አገር ድርሰቶችን በትርጉም የሚያወጣው «ኢኖስትራናያ ሊቴራቱራ» ማለትም «የውጭ ሥነ ጽሑፍ» ነው። የአሜሪካዊው ሪቻርድ ባክ «ጆናታን ሊቪንግስተን ሲገል» በእንግሊዝኛ በ1970 ከታተመ በኋላ፣ በዩ. ሮድማን ተርጓሚነት የወጣው በዚህ መጽሔት የ1974 12ኛ ቁጥር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ለማረጋገጥ የገጾቹን ግርጌ በማጉያ መነጽር ተመልከቺ፤ የሶቪየት ማተሚያ ቤቶች በየአሥራ ስድስት ገጹ የታጠፈው ወረቀት መጀመሪያ ላይ፣ በግራ በኩል፣ የመጽሔቱን ስም ወይም አሕጽሮቱን ከነቁጥሩ በደቃቅ ፊደል ያትሙ ነበር።

በዚያ ዘመን አዲስ የውጭ ልብ ወለድ በመጽሐፍ መልክ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ስለነበረ፣ ለእኛ ለተማሪዎች የመጽሔት ደንበኝነት ትልቅ ሀብት ነበር። ምዝገባው በፖስታ ቤትና «ሶዩዝፔቻት» በተባለው የሥርጭት ድርጅት በኩል ይፈጸማል፤ ተፈላጊ የሆኑት መጽሔቶች ግን በኮታ ስለሚሰጡ ሁሉም አያገኛቸውም። ብዙ አንባቢ የወደደውን ድርሰት ነቅሎ ይሰፋል ወይም ያስጠርዛል፤ የአባትሽም እንዲሁ የተሠራ ነው። እኔ ዘንድ ይመጣ በነበረው ዕትም ላይ የመኝታ ክፍሌ ቁጥር በእርሳስ ይጻፍበት ስለነበር፣ 417ም የክፍላቸው ቁጥር ሊሆን ይችላል።

መልስ (ከሌላ አባል)

ስለ ሙሉነቱ አንድ ነገር ልጨምር። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ2014 አራተኛ ክፍል ስለጨመረበት አዳዲሶቹ ዕትሞች ባለ አራት ክፍል ናቸው፤ የ1970ው ግን ሦስት ክፍል ብቻ ስለነበረው፣ በእጅሽ ያለው በሦስተኛው ክፍል ቢያበቃ ጎደለ ብለሽ እንዳታዝኚ።

መልስ (የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ)

እህቴ፣ እባክሽ በፕላስተር አትለጥፊው። ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ ሲላቀቅም ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ወረቀቱ ከእንጨት ብስባሽ የተሠራ ርካሽ ዓይነት በመሆኑ በውስጡ ያለው አሲድ ራሱን ያቃጥለዋል፤ ብርሃንና እርጥበትም ያፋጥኑታል። ቡናማው ካርቶንም አሲድ ሊኖረው ስለሚችል፣ አሲድ የሌለው ወረቀት ካገኘሽ በካርቶኑና በገጾቹ መካከል አስገቢ። ክሩን ግን አትፍቺው፤ የአባትሽ እጅ ሥራ ነውና። ጥራዙን አጋድመሽ በሣጥን ውስጥ አስቀምጪው፤ በክረምት ከግድግዳ አርቂው። ከሁሉም በፊት እጅሽን ታጥበሽና አድርቀሽ፣ ጥራዙን ከዘጠና ዲግሪ በላይ ሳትከፍቺ፣ እያንዳንዱን ገጽ በመስኮት ብርሃን በስልክሽ ፎቶ አንሺ።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከግርጌው 12 ቁጥርን አገኘሁት፤ ሦስቱም ክፍሎች አሉ። ስለ 417 እናቴን ስጠይቃቸው፣ አባቴ ከኪየቭ የላኩላቸውን ደብዳቤዎች ከሣጥናቸው አወጡ፤ የላኪው አድራሻ መጨረሻ ላይ 417 ይላል።