ኔምፕሌቱ 5 ሜጋ ዋት የሚል ጋዝ ተርባይን ሐዋሳ ላይ ስንት ይሰጣል?

ጠያቂ፦ መካኒካል ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ መብራት ሲቋረጥ ሥራው እንዳይቆም ያገለገለ ጋዝ ተርባይን ቀርቦለታል። ባለ አንድ ሻፍት፣ ኮንቴይነር ውስጥ የተገጠመ፣ በናፍጣም በጋዝም የሚሠራ ነው። ኔምፕሌቱ (ማሽኑ ላይ የተለጠፈው የአቅም መግለጫ ሰሌዳ) 5 ሜጋ ዋት ይላል፤ የፋብሪካው ከፍተኛ ጭነት 4 ስለሆነ ባለቤቶቹ ትርፍ አለው ብለው ለመግዛት ተቃርበዋል። ሻጩ የላከው የሙከራ ወረቀት ግን በባሕር ጠረፍ ላይ የተሞላ ነው።

እዚህ በእርግጥ ስንት ይሰጣል? ለኮምፕረሰሩ (አየሩን ስቦ ለሚጨምቀው የማሽኑ ክፍል) ማጠቢያ የሚሆን የውሃ ማጣሪያ ለብቻው ዋጋ ተጠይቆበታል፤ የግቢው ጉድጓድ ውሃ አይበቃም ወይ? ሲረከቡስ ኮምፕረሰሩ ጤነኛ መሆኑ በምን ይለካል?

መልስ፦ ፓወር አዳማ

ወንድሜ፣ ትርፍ የለውም፤ እንዲያውም ይጎድላል። የጋዝ ተርባይን ኔምፕሌት የሚጻፈው በአይኤስኦ (በዓለም አቀፍ መለኪያ) ሁኔታ ነው፤ ማለትም በባሕር ወለል፣ በ101.3 ኪሎ ፓስካል፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ እና በ60 በመቶ እርጥበት። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ወደ 82.5 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። የአዳማም ከፍታ ከዚህ ብዙ አይለይም። ኮምፕረሰሩ በአንድ ዙር የሚውጠው አየር በኪዩቢክ ሜትር ያው ነው፣ በኪሎግራም ግን ያንሳል። ኃይሉ የሚመጣው ደግሞ ከኪሎግራሙ ነው።

እንዲህ አስላው። 82.5 ለ101.3 ሲካፈል 0.814 ይሆናል፤ 5 ሜጋ ዋቱ 4.07 ሆነ። ከ15 ዲግሪ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ በግምት 0.7 በመቶ ቀንስ፤ የማሽኑን ትክክለኛ ቁጥር ከአምራቹ ከርቭ ታነበዋለህ። ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሲሞቅ 9 በመቶ ይሄዳል፣ 3.7 ቀረ። የመግቢያ ፊልተርና ሳይለንሰር የሚፈጥሩት 1 ኪሎ ፓስካል የግፊት ብክነት በባሕር ወለል ወደ 1.4 በመቶ ኃይል ይወስዳል። እዚህ ያው 1 ኪሎ ፓስካል የሚቀነሰው ካነሰ ግፊት ላይ ስለሆነ ድርሻው ከፍ ይላል። የጭስ መውጫውንም ስትጨምር 3.6 አካባቢ ትደርሳለህ። ይህ ኮምፕረሰሩ ንጹህ ሆኖ ነው፤ ሲቆሽሽ 3.5 እና ከዚያ በታች ጠብቅ። 4 ሜጋ ዋት ጭነት ብትጭንበት የጭስ ሙቀት መቆጣጠሪያው ነዳጁን ይገድበዋል፣ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፣ ብሬከሩ ይዘላል።

ሁለት ነገር ደግሞ ከወረቀቱ ላይ አይጥፋ። ጄኔሬተር፣ ሞተርና ትራንስፎርመር በተለምዶ የሚሰየሙት እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ ስስ አየር በደንብ ስለማያቀዘቅዝ እነሱም ይቀነሳሉ። ሌላው ፍሪኩዌንሲው ነው። ማሽኑ ከ60 ኸርዝ አገር የመጣ ከሆነ ለእኛ 50 ኸርዝ የማርሽ ሳጥኑ መቀየር አለበት፤ ጄኔሬተሩም 1,800 ሳይሆን 1,500 ዙር ላይ የሚሰጠው ኃይል እንደገና መሰላት አለበት።

መልስ፦ ኬሚስት ሐዋሳ

የውሃውን ጥያቄ ልመልስ። የጉድጓድ ውሃ በፍጹም አይሆንም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ሶዲየም ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይበዛበታል። ሶዲየም በኮምፕረሰሩ አልፎ ሞቃቱ ክፍል ሲደርስ ከነዳጁ ሰልፈር ጋር ሶዲየም ሰልፌት ይሠራል። ያ ጨው ቀልጦ የተርባይኑን ምላጭ መከላከያ ሽፋን ይበላዋል። ይህ በአንድ ቀን አይታይም፤ በቦሮስኮፕ (ወደ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ሲታይ ግን ምላጩ ተቦርቡሮና ተላልጦ ይገኛል።

ማሽኑ እየሠራ ለሚደረግ እጥበት በተለምዶ የሚጠየቀው ውሃ ጠቅላላ የሟሟ ነገር ከ5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 5 እጅ)፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ተደምረው ከ0.5 ፒፒኤም የማይበልጡበት ነው። ቆሞ ለሚታጠብበት ገደቡ ላላ ይላል፤ ቢሆንም ሁለት ዓይነት ውሃ ከማስቀመጥ በዲሚን ውሃ (የሟሟው ማዕድን በወጣለት ውሃ) ብቻ መሥራት ይሻላል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ብቻውን አይበቃም፣ ከኋላው የአዮን መለወጫ ይገጠምለት። በየጊዜው ሶዲየሙን አስለኩ፤ ኮንዳክቲቪቲ (የውሃው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅም) ብቻ አይታመንም።

በነገራችን ላይ በደረቁ ወቅት የመግቢያ አየሩን በውሃ ትነት ማቀዝቀዝ ጥሩ ጥቅም አለው። አየሩን ከ28 ወደ 20 ዲግሪ ብታወርዱት ከ5 በመቶ በላይ ኃይል ይመለሳል። ነገር ግን የውሃ ጠብታ እየተጎተተ ወደ ኮምፕረሰሩ ከገባ ያው የሶዲየም ጣጣ ነው፤ ጠብታ መያዣው ሳይፈተሽ አይከፈት።

መልስ፦ ናዝሬት ሮታሪ

የኮምፕረሰሩን ጤንነት በሁለት ቁጥር ታውቀዋለህ፤ በግፊት ምጥጥኑ (የመውጫው ግፊት ለመግቢያው ሲካፈል) እና በኢሴንትሮፒክ ኤፊሸንሲው (አየሩን ያለ ብክነት ለመጭመቅ የሚበቃው ሥራ በእርግጥ ከሚፈጀው ያለው ድርሻ)። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርህ። ጌጅ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። የመውጫው ጌጅ 9.08 ባር ቢያሳይ፣ ከመጽሐፍ የለመድነውን 1.013 ባር ደምሮ በ1.013 ማካፈል ምጥጥኑን ወደ 10 ያወርደዋል፤ "ኮምፕረሰሩ ሞቷል" ያሰኛል። የሐዋሳን 0.825 ባር ደምረህ በ0.825 ስታካፍል ግን 12 ነው፤ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ስለዚህ በርክክብ ቀን ባሮሜትር ቦታው ላይ ይኑር። ከኤርፖርት የሚገኘው ግፊት ወደ ባሕር ወለል የተስተካከለ ሊሆን ስለሚችል አትውሰደው።

ኤፊሸንሲውን ለማግኘት ምጥጥኑን ወደ 0.2857 ፓወር (ኤክስፖነንት) ከፍ አድርግ፣ 1 ቀንስ፣ በመግቢያው ሙቀት በኬልቪን አባዛ፣ ከዚያ በመውጫና በመግቢያ ሙቀት ልዩነት አካፍል። መግቢያው 25 ዲግሪ (298 ኬልቪን)፣ ምጥጥኑ 12፣ መውጫው 385 ዲግሪ ከሆነ 308 ለ360 ይሆናል፤ 85.6 በመቶ። ያው ማሽን ቆሽሾ ምጥጥኑ 11.7፣ መውጫው 397 ዲግሪ ሲሆን ወደ 81.6 ይወርዳል። ንባቡ በሙሉ ጭነት፣ የመግቢያ ምላጮቹ ሙሉ በሙሉ ተከፍተው፣ ሙቀቱ ከተረጋጋ በኋላ ይሁን። አለዚያ ማወዳደሪያ አይሆንም።

ከቁጥሩ በፊት ደግሞ ነጭ ጨርቅ ያዝ። ማሽኑ ቆሞ ስታርተሩ ተቆልፎ የመግቢያ ምላጮቹን ጥረግ። ጨርቁ ላይ ጥቁርና ቅባት ያለው ነገር ከወጣ የፊተኛው ቤሪንግ ማኅተም ዘይት እያስተነፈሰ ነው፤ አቧራው ከዘይቱ ጋር ለጥፎ ስለሚይዝ ውሃ ብቻውን አያነሳውም። ደረቅ ግራጫ ብናኝ ከሆነ አየር በፊልተሩ ጎን እያመለጠ ነው፣ ጋስኬቱንና የፊልተር መቀመጫውን ፈልግ። የእኛ አካባቢ የፑሚስ (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አቧራ እንደ ብርጭቆ ስለታም ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ረድፎች የምላጭ ጠርዝ ይበላል። ጠርዙን በጣትህ ስትዳስስ ሸካራ ወይም የተቆራረጠ ከሆነ ያ በእጥበት የሚመለስ አይደለም።

ቆሞ የሚደረገው እጥበት እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ማሽኑ ይቀዘቅዛል፤ በውሃውና በውስጡ ብረት መካከል ያለው ልዩነት ከ65 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ አለዚያ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከኮምፕረሰሩ የሚነሱት የመለኪያና የማኅተም አየር መስመሮች ይዘጋሉ፣ የታችኞቹ ድሬኖች ይከፈታሉ። ነዳጅና ኢግኒሽን ተዘግተው በስታርተር ብቻ እያዞርክ ዲተርጀንቱን ትረጫለህ፤ ከዚያ አቁመህ 20 ደቂቃ ይዘፈዝፋል። እንደገና እያዞርክ በዲሚን ውሃ ታለቀልቃለህ፤ ከድሬኑ የሚወጣው ጥርት ብሎ ኮንዳክቲቪቲው ከገባው ውሃ ጋር እስኪቀራረብ አታቁም። ውሃው ከወጣ በኋላ እያዞርክ ታደርቃለህ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የማኅተም አየሩን መክፈት ነው፤ ተዘግቶ ከተነሳ ዘይቱ በቀጥታ ወደታጠበው ኮምፕረሰር ይገባል።

እየሠራ የሚደረገው እጥበት የሚደርሰው ለፊተኞቹ ረድፎች ብቻ ነው፤ የቆሞውን ያራዝመዋል እንጂ አይተካውም። የቆሸሸ ኮምፕረሰር ኃይል መቀነሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ የሰርጅ (አየሩ በኮምፕረሰሩ ውስጥ ወደ ኋላ የሚመለስበት) መስመሩም ወደ ሥራ መስመሩ ይጠጋል። ሲነሳ የመድፍ ዓይነት ድምፅ ከሰማህ፣ የመውጫ ግፊቱ ከተወዛወዘና የጭሱ ሙቀት ከዘለለ ወዲያው አቁም። ደጋግመህ ከማስነሳትህ በፊት ብሊድ ቫልቮቹ (ከኮምፕረሰሩ ትርፍ አየር የሚያስወጡት) በትክክል መከፈታቸውንና የመግቢያ ምላጮቹ ማዕዘን ስክሪኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር መግጠሙን በዓይንህ እይ።

ጠያቂ፦ መካኒካል ከሐዋሳ

በጣም አመሰግናለሁ። አስፈላጊ ያልሆነውን ጭነት አውጥተን ወደ 3 ሜጋ ዋት ብናወርደውስ?

መልስ፦ ፓወር አዳማ

ይሸከመዋል፤ አሁን ነዳጁን አስብ። በዚህ መጠን ያለ ጋዝ ተርባይን ኤፊሸንሲው 30 በመቶ ገደማ ነው፤ በናፍጣ ሲሠራ ለ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 0.35 ሊትር ይበላል። 3 ሜጋ ዋት ላይ በሰዓት ከ1,000 ሊትር በላይ ማለት ነው። ተርቦቻርጀር ያለው የናፍጣ ሞተር 0.25 ሊትር አካባቢ ይበቃዋል፣ ከፍታውንም በተሻለ ይቋቋማል። በግማሽ ጭነት ደግሞ ተርባይኑ ይብሳል።

ለመብራት መቋረጥ ብቻ ከሆነ ባለቤቶቹ ሞተር ይግዙ። ተርባይኑ ትርጉም የሚኖረው ጋዝ በቋሚነት ከተገኘና በየቀኑ ከሠራ ነው። ያኔ 500 ዲግሪ አካባቢ ያለው ጭሱ በቦይለር ለማቅለሚያው ክፍል እንፋሎት ይሰጣል። ለማንኛውም ሻጩን ስታርተሩ ስንት ኪሎ ዋት እንደሚፈልግ ጠይቀው፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት እሱን የሚያዞር ሌላ ትንሽ ጄኔሬተር ያስፈልጋል፣ ዋጋው ላይ አልተካተተም ይሆናል።