ሃርት አታክ ለያዘው አባቴ አኩፓንክቸር (የቻይና የመርፌ ሕክምና) ይጠቅመው ይሆን?

የአዳማዋ፦
ሰላም ወገኖች። አባዬ 63 ዓመቱ ነው። በቅርቡ ሃርት አታክ ይዞት ስቴንት (የልብ ደም ስርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶለታል። ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሳ የልቡ ጡንቻ በአንድ በኩል ተጎድቷል፣ በደንብ አይኮማተርም አሉን። አሁን አጎቴ "ቻይናዎቹ በመርፌ ያድኑታል፣ ያ ሁሉ ክኒን ምን ይሠራል" እያለ ይጎተጉተዋል። አባዬም ክኒን መዋጥ ስለሰለቸው ሐሳቡ ወደዚያው አዘንብሏል። እውነት መርፌ የተጎዳ የልብ ጡንቻ ይመልሳል? የምታውቁ እባካችሁ።

ሲስተር፦
እህቴ፣ አባትሽ ክኒናቸውን እንዳያቆሙ! አስፕሪኑና ክሎፒዶግሬሉ የሚሰጡት ስቴንቱ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐኪም ሳያዝ ከተቋረጡ ስቴንቱ ድንገት ሊዘጋ ይችላል፣ ያ ማለት ሌላ ሃርት አታክ ነው፣ ሊገድልም ይችላል። ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ የሞተ የልብ ጡንቻ በጠባሳ ይተካል። ጠባሳ አይኮማተርም፣ መርፌም ወደ ጡንቻ አይቀይረውም። ግን ደም አጥሮት የደነዘዘ፣ ያልሞተ ጡንቻም አለ። እሱ ደም ሲያገኝ በቀናትም በሳምንታትም ቀስ እያለ ይነቃል፤ ለዚህ ነው የብዙ ሰው ኤኮ ሲደገም ተሻሽሎ የሚገኘው። በዚያ መሀል መርፌ የተወጋ ሰው ግን ያዳነኝ መርፌው ነው ይላል፣ አይፈረድበትም።

ቻይና የተማርኩ፦
አጎትሽ ወሬውን ከሜዳ አላነሱትም። ኔይጓን የሚባል ነጥብ አለ፣ ከእጅ አንጓ መታጠፊያ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል፣ በሁለቱ ጅማቶች መሀል። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለልብ የሚወጋው እሱ ነው፣ አይጥ ላይም ብዙ ተሞክሯል። በ2010 የወጣ የቻይና ጥናት ደግሞ የልብ ቫልቭ ሊቀየርላቸው የነበሩ 60 ሕሙማንን ይዞ፣ ለግማሾቹ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለ5 ቀናት፣ በቀን 30 ደቂቃ በመርፌው ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ ሰጠ። በኋላ ትሮፖኒናቸው፣ ማለትም ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚወጣው ፕሮቲን፣ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ልብ በይ፣ ይሄ ጉዳት ሳይደርስ በፊት ነው፣ የተመረመሩትም ጥቂት ናቸው። የአባትሽ ግን አንዴ ደርሷል። በ2019 የወጣው ሰፋ ያለ ነው፣ 404 ሰው፣ እሱም በቻይና። ደም ስራቸው ጠቦ ደረታቸውን የሚያማቸው ሰዎች መርፌ ሲጨመርላቸው ሕመሙ የሚነሳባቸው ጊዜ ቀነሰ። ሲጨመርላቸው ነው ያልኩት፤ መድኃኒታቸውን አልጣሉም። ጡንቻ ተመለሰ ያለም የለም።

ማሜ፦
አባትሽ ለጭንቀትም ለእንቅልፍም ብለው ከፈለጉ መጀመሪያ ለልብ ሐኪማቸው ይንገሩ። ደም የሚያቀጥን ስለሚወስዱ ሊደሙ፣ ቆዳቸውም ሊበልዝ ይችላል። ወጊው ይሄን ይወቅ፣ መርፌው አዲስ ከእሽጉ የሚወጣ ይሁን። ደረትና ጀርባ ላይ በጥልቀት የገባ መርፌ ሳንባ የበሳበት ጊዜ ስላለ እጅና እግር ላይ ቢቀር ይሻላል። ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል በሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ) ካላቸው ኤሌክትሪክ ያለው ዓይነት ይቅርባቸው።

የአዳማዋ፦
ተባረኩ። ፔስሜከር የለውም። አጎቴን ዛሬውኑ አናግረዋለሁ፣ ክኒኑንም ከአሁን በኋላ እኔው ነኝ የምሰጠው። ግን ቤት ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው፣ ትንሽ በእግሩ ቢንቀሳቀስስ?

ሲስተር፦
አዎ፣ ከመርፌው ይልቅ ለልባቸው እንደሚጠቅም በደንብ የተረጋገጠው እሱ ነው። በቀጠሯቸው ቀን ምን ያህል መራመድ እንደሚችሉ ጠይቂላቸው፤ ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብለው ጀምረው በየሳምንቱ ይጨምሩ። ደረታቸውን ካፈናቸው ግን ወዲያው ቁጭ ይበሉ፣ ካልተዋቸው ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷቸው።