የኩኪ ባነር አለ፤ ሳይነካ ግን ጉግል አናሊቲክስ ይነሳል

ባለሱቅ_ፍራንክፈርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ፍራንክፈርት ስላለ የቡናና የቅመማ ቅመም ሱቅ ድረ ገጽ ነው፤ ዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ) ከዉኮመርስ (የመሸጫ ተጨማሪው) ጋር፣ በአማርኛና በጀርመንኛ። ጉግል አናሊቲክስ (የጎብኚ መቁጠሪያ)፣ ሁለት የዩቲዩብ ቪዲዮ፣ የጉግል ካርታ፣ እንዲሁም በቀጥታ ከጉግል የሚመጣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንት አለበት። ከታች «ገጹን መጠቀም ከቀጠሉ በኩኪ ተስማምተዋል» የሚል ባነርና አንድ «እሺ» የሚል ቁልፍ አለ። ለጀርመን ሕግ ይበቃል? ማስታወቂያ አይሠራበትም፤ የሚፈለገው ስንት ሰው እንደገባ ማወቅ ነው።

ኮድ_ከሙኒክ፦
አይበቃም ወንድሜ። ገጹን ማየት መቀጠል ፈቃድ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2019 በፕላኔት 49 ጉዳይ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን እንኳ ፈቃድ እንደማይሆን ወስኗል። ጀርመን ውስጥ የሚመለከትህ ቴዴዴዴጌ (TDDDG) የተባለው የዲጂታል አገልግሎቶች መረጃ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 25 ነው፦ በተጠቃሚው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ መረጃ፣ ለምሳሌ ኩኪ፣ ከማስቀመጥህ ወይም ከዚያ ከማንበብህ በፊት ፈቃድ ትጠይቃለህ። ቅጣቱ እስከ 300,000 ዩሮ ይደርሳል። ነፃ የሚሆነው ሰውየው ለጠየቀው አገልግሎት የግድ የሚያስፈልገው ብቻ ነው። የዉኮመርስ ቅርጫት ኩኪ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ አናሊቲክስ ግን ያስፈልገዋል።

የባነሩን መልክ ከማስተካከልህ በፊት ፈትሽ። ኢንኮግኒቶ መስኮት ክፈት፣ ኤፍ 12 ተጫን፣ «አፕሊኬሽን» ውስጥ «ኩኪስ»ን እይ። ባነሩን ሳትነካው «ጂኤ» (_ga) የሚል የአናሊቲክስ ኩኪ ስም ከወጣ ባነሩ ምንም እያገደ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የአናሊቲክሱ ኮድ በእጅ በቴሙ (የገጹን መልክ በሚወስነው ክፍል) ሄደር ፋይል ውስጥ መለጠፉ ነው፤ የኩኪ ፕለጊኑ (ባነሩን የሚያሳየው ተጨማሪ ፕሮግራም) ስለማያውቀው ያልፋል። ከዚያ አውጣውና በፕለጊኑ በኩል በስታቲስቲክስ ምድብ አስገባው። ያኔ ፕለጊኑ የስክሪፕቱን ዓይነት ወደ ተራ ጽሑፍ ስለሚቀይረው፣ ፈቃድ እስኪመጣ ብራውዘሩ አያስኬደውም።

ባነሩ ላይ «እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም» ጎን ለጎን፣ በእኩል መጠንና ቀለም ይሁኑ፤ «አልቀበልም»ን ሴቲንግ ውስጥ አትደብቀው። በጀርመንኛው ገጽ ጀርመንኛ፣ በአማርኛው አማርኛ ይሁን። ባነሩ ኢምፕረሱሙን (የገጹ ባለቤት ማንነት መግለጫ) እና ዳተንሹትሱን (የግል መረጃ አጠባበቅ መግለጫ) እንዳይሸፍን ደግሞ በስልክ አረጋግጥ፤ ትንሽ ስክሪን ላይ ብዙ ጊዜ ይሸፍናል።

ባለሱቅ_ፍራንክፈርት፦
ኮዱ ከሄደሩ ወጣ። አሁን መጀመሪያ ሲገባ ኩኪ የለም። ግን «አልቀበልም» ተብሎ ሁለተኛ ገጽ ሲከፈት አናሊቲክሱ ይመለሳል።

ሰርቨር_ቤት፦
ካሽ ፕለጊን (የተዘጋጀ ገጽ አስቀምጦ ለሌላ ጎብኚም የሚያቀርብ) አለህ አይደል? አንዳንዱ የኩኪ ፕለጊን ስክሪፕቱን ማስገባት አለማስገባቱን የሚወስነው ሰርቨሩ ላይ ነው። አንድ ሰው «እቀበላለሁ» ብሎ የከፈተው ገጽ ካሽ ውስጥ ከተቀመጠ፣ እምቢ ላለው ሰው የሚደርሰውም ያው ገጽ ነው። መጀመሪያ ያየኸው ገጽ ገና ካሽ ስላልተደረገ ይሆናል ደህና የመሰለህ። እገዳው ብራውዘሩ ላይ እንዲካሄድ የሚያደርግ ምርጫ ካለ እሱን አብራ። ካሽ ፕለጊኑ ጃቫስክሪፕቶችን በአንድ ፋይል የሚያጣምር ወይም የሚያዘገይ ከሆነ የኩኪ ፕለጊኑን ፋይል ከዚያ አስወጣ፤ ባነሩ ከአናሊቲክሱ ኋላ ከተነሳ ማገድ አይችልም። ከዚያ ካሹን ሙሉ በሙሉ አጽዳና በአዲስ ኢንኮግኒቶ ሞክር።

ፊደል_ወዳድ፦
ፎንቱን ያነሳው የለም፣ እኔ ግን በብዙ የአማርኛ ድረ ገጽ ላይ የማየው ችግር እሱ ነው። ኩኪ ባያስቀምጥም የጎብኚውን አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ለጉግል ይልካል። የሙኒክ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2022 በዚሁ ምክንያት አንድ ድረ ገጽ ለከሳሹ 100 ዩሮ እንዲከፍል ወስኗል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ አውርደህ በራስህ ሰርቨር ማስቀመጥ ትችላለህ፤ 400 እና 700 ውፍረት ይበቁሃል። ከጨረስክ በኋላ «ኔትወርክ» ውስጥ «ጂስታቲክ» የሚል የጉግል አድራሻ ከቀረ፣ ቴሙ ወይም ሌላ ፕለጊን አሁንም እየጠራው ነው።

ለዩቲዩብ «ኖኩኪ» የሚለው አድራሻ ብቻውን አያድንህም፤ ቪዲዮው ያለበት ገጽ ሲከፈት ብራውዘሩ ከጉግል ጋር ይገናኛል፣ የሕጉ ቃልም ኩኪ ብቻ አይደለም፣ ሎካል ስቶሬጅንም (ብራውዘሩ ውስጥ ያለ ሌላ የመረጃ ማስቀመጫ) ይጨምራል። በራስህ ሰርቨር ያለ ሥዕል አድርግና ቪዲዮው ሲጫኑት ብቻ ይምጣ። ለካርታው የሱቁ አድራሻ ከተራ ሊንክ ጋር ይበቃል።

ኮድ_ከሙኒክ፦
ትክክል። ማስታወቂያ ከሌለህ ደግሞ አናሊቲክሱንም ብታወጣው እመርጣለሁ። የሰርቨሩ ሎግ (የጥያቄዎች መዝገብ) ስንት ገጽ እንደተከፈተ ይነግርሃል፤ የቀረው ቅርጫቱና መግቢያው ብቻ ከሆነ ባነር ጨርሶ አያስፈልግህም፣ ዳተንሹትሱ ላይ መግለጽ ይበቃል።

ካቆየኸው ግን ሁለት ነገር ይቀርሃል። በየገጹ ግርጌ «የኩኪ ምርጫ» የሚል ሊንክ አኑር፤ ፈቃድን መሰረዝ እንደ መስጠቱ መቅለል አለበት፣ ሲሰረዝም የተቀመጡት ኩኪዎች እንዲጠፉ አድርግ። ፈቃድ ማግኘትህን የማስረዳት ግዴታም ያንተ ነው፦ የዘፈቀደ መለያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ የተመረጠው ምድብ፣ የባነሩ እትም። የጎብኚውን ሙሉ አይፒ እዚያ አታስቀምጥ።