የእናቴ የማኅፀን በር ካንሰር፦ የጨረር ተራ እስኪደርስ ምን እናድርግ?

የ52 ዓመቷ እናቴ፣ ካረጠች ከዓመታት በኋላ ደም ሲፈሳት «የዕድሜ ነው» ብላ ለወራት ዝም አለች፤ እኛም አለመጠየቃችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በናሙና ምርመራ የማኅፀን በር ካንሰር መሆኑ ተረጋግጧል፤ በዙሪያው ወዳለው አካል በመዛመቱም ሐኪሞቹ በቀዶ ሕክምና ፈንታ፣ በየሳምንቱ ከሚሰጥ ሲስፕላቲን ከተባለ የኬሞቴራፒ (የካንሰር) መድኃኒት ጋር የጨረር ሕክምና አዘውላታል። ይሁን እንጂ የጨረር ተራዋ የሚደርሰው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ መድማቱ ስላልቆመም የደም ማነሷ እየባሰ ሄዷል።

በጅማ ወይም በሐረር የጨረር ሕክምና ያገኛችሁ ካላችሁ፣ የሪፈር ወረቀቱን እንዴት እንዳስቀየራችሁና ምን ያህል እንደጠበቃችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ሐኪሞችንም፣ ተራዋ እስኪደርስ ኬሞቴራፒ ብቻ ብትጀምር ይጠቅማት እንደሆነና መድማቱን ለማስታገስ አጭር የጨረር ሕክምና አስቀድሞ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔና እህቴም 34 እና 31 ዓመታችን ነው፤ የማኅፀን በርን አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን በማየት የሚደረገው ቅድመ ምርመራ ይበቃናል ወይስ የኤችፒቪ (የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ይሻላል?