ለእንጀራ የፕላስቲክ ሹካ ለምን ይጨመራል?

ጠያቂ (ከመገናኛ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው መገናኛ አካባቢ ሲሆን በጾም ቀናት ምሳዬን ብዙ ጊዜ በአቅራቢያችን ካለ ምግብ ቤት አስመጣለሁ። ባለፈው ረቡዕ የመጣልኝን በያይነቱ ስከፍት የታሸገበትን ዕቃ አንድ በአንድ ቆጠርኩት። ሽሮውና ምስር ወጡ በየራሳቸው ትንሽ ፌስታል ተቋጥረዋል፤ ጎመኑ፣ ድንቹና ሰላጣው ክዳን ባላቸው ሦስት የፕላስቲክ ኩባያዎች ተደርገዋል፤ እንጀራው በነጭ የፎም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሁሉም ደግሞ በአንድ ትልቅ ፌስታል ገብቷል። በላዩ ላይ በላስቲክ የተጠቀለሉ የፕላስቲክ ሹካና ማንኪያ ነበሩበት። ክዳኖቹን ሳልጨምር 10 ዕቃ መሆኑ ነው። እንጀራ በሹካ የሚበላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ስለ መያዣው ፌስታል ብዙ ተብሏል። እኔ ልጠይቅ የፈለግሁት ግን ከመያዣው ውስጥ ስላለው ነው፦ ከእነዚህ መካከል ምግቡ በእርግጥ የሚፈልገው የትኛው ነው? የራሴን ምሳ ዕቃ ይዤ ብሄድስ ምግብ ቤቶች ይቀበሉኛል?

ምግብ ቤት የማስተዳድር፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ነገሩን ከእኛ በኩልም ይዩልን። አድራሹ ምግቡን የሚወስደው በሞተር ነው፤ ቀጠን ያለ ሽሮ በሣጥን ውስጥ ከሆነ ክዳኑ ሲላቀቅ ይፈስሳል፣ እንጀራውም ርሶ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ወጥ በሰው ሰነድ ላይ ፈስሶ የምሳውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ደንበኛውንም አጥተናል። ከዚያ በኋላ ሁሉንም መቋጠር ልማድ ሆነ፤ ጥፋታችንም እዚህ ላይ ነው፤ መቋጠር የሚያስፈልገው ሽሮው ሆኖ ሳለ ጎመኑንም ድንቹንም ቋጠርን። ወፈር ያለ ወጥና አትክልት እዚህ ለሚመገብ ሰው እንደምናቀርበው እንጀራው ላይ ቢደረግ ምንም አይሆንም።

ሹካው የሚገባው ደግሞ የሚያሽገው ልጅ የታዘዘውን ምግብ ስለማያይ ነው። ሹካውና ማንኪያው ጠዋት አንድ ላይ ተጠቅልለው ይዘጋጃሉ፤ ሩዝም ይሁን በያይነቱ አንድ አንድ ይጨመራል። ምሳ ዕቃ ይዘው ቢመጡ በደስታ እንቀበላለን፤ ንጹሕ ይሁን፣ ክዳኑን ከፍተው ይስጡን፣ ጭልፋችንም ዕቃውን ሳይነካ እንጨምርልዎታለን። ችግሩ በስልክ ለሚያዝዝ ሰው ይህ አለመሆኑ ነው።

ወደ አገልግል እንመለስ የሚሉ ደንበኞችም አሉኝ። አገልግል አምሮበት ለመንገድ ስንቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ቆዳው በየቀኑ በሳሙና አይታጠብም፣ ትኩስ ሽሮም አይገለበጥበትም። ለቢሮ ምሳ ባለ ድርብ የብረት ምሳ ዕቃ ይሻላል።

የምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያ፦

ከብክነቱ ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ሲሆን አብዛኛው ይዘቱ አየር ነው፤ ስለዚህ ቀላል ነው፣ ንፋስ ይወስደዋል፣ ሰብስቦ እንደገና ለመጠቀምም አያዋጣም። ትኩስና ቅባት የበዛበት ምግብ ሲገባበት ስታይሪን የተባለው ንጥረ ነገር በጥቂቱ ወደ ምግቡ ሊያልፍ ይችላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ስታይሪንን ለሰው ልጅ የካንሰር መንስኤ ሳይሆን አይቀርም በሚባለው ምድብ አስገብቶታል። በምሳ ሣጥን የሚያልፈው መጠን አነስተኛ ስለሆነ ይህን የምለው ለማስደንገጥ አይደለም፤ ነገር ግን ከእሳት እንደወጣ ሽሮን ለምግብ መሠራቱ ባልታወቀ ስስ ፌስታል መቋጠር፣ በእኔ አስተያየት፣ ከፎሙም የባሰ ልማድ ነው። ዕቃው ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ሙቀት የሚችለው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ 6 ቁጥር ፖሊስታይሪን ነው። የወረቀት ኩባያዎችም ብዙውን ጊዜ ውስጣቸው በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ በመሆኑ ፎሙን በወረቀት መተካት ብቻውን ፕላስቲኩን አያስቀርም።

ከፍራንክፈርት፦

እዚህ የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ሹካና ማንኪያን እንዲሁም የፎም የምግብ ሣጥንን ከገበያ አስወጥቷል። ጀርመን ደግሞ ከጥር 2023 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ተመላሽ ዕቃ እንዲያቀርቡ ታስገድዳለች፤ ከ5 የማይበልጡ ሠራተኞችና ከ80 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ያላቸው ትንንሾቹ ግን ደንበኛው ራሱ ባመጣው ዕቃ ቢጨምሩለት ይበቃቸዋል። እኔ የማዘወትረው የሐበሻ ምግብ ቤት ተመላሹን ዕቃ በመያዣ ገንዘብ ይሰጣል፤ ነገር ግን አስተናጋጁ ካልጠየቀ በቀር ተመላሹን የሚመርጥ ደንበኛ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች የምመክረው ቀላሉን ነው፦ ትእዛዝ ሲቀበሉ «ሹካ ይፈልጋሉ?» ብለው ይጠይቁ።

ጠያቂ (ከመገናኛ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዓርብ ዕለት በስልክ ሳዝዝ ወጡ እንጀራው ላይ እንዲደረግ፣ ሽሮው ብቻ ለብቻው ባለ 5 ቁጥር ዕቃ እንዲሆን፣ ሹካም እንዳይጨመር አስረዳሁ። ምግቡ ሳይፈስስ ደረሰ፤ ትንንሾቹ ፌስታሎችም ቀርተዋል፤ የሽሮውን ዕቃም አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ሹካው ግን መጥቷል።